ያልተነካው ሞተር

ፉጨት የሚሏት የሞተር ባለሙያ የስንቱን መኪና ጉልበት ጨምራ የገዛ ታላቅ ወንድሟን መኪና ግን አልነካም በማለቷ የሰፈሩ ጋራዥ ሁሉ መሳቂያ አድርጓት ነበር። ወንድሟም ቢሆን ሳቁን አላስቀረላትም። "ለጎረቤት መብራት፣ ለቤቷ ጨለማ" ይላት ነበር፣ ባገኛት ቁጥር።

ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ሞተር ተነስቶ ኮፈኖው ሲከፈት ጆሮዋን ዘንበል ታደርግና አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የተርቦ ድምፅ በከንፈሯ እያፏጨች ትከተለዋለች። ሁለቱ ፉጨቶች አልገጥም ያሉበት ቦታ ላይ ችግሩ አለ ማለት ነው። ከዚያ ላፕቶፗን ታመጣለች፤ ኬብሉን ከመሪው ሥር ትሰካለች፤ ነዳጁና አየሩ በምን ያህል መጠን እንደሚገቡ የሚወስነውን ፕሮግራም ከሞተሩ ኮምፒውተር አውጥታ በራሷ ልክ ትሠራዋለች። ዳገት ሲያይ ያዛጋ የነበረ መኪና ከጋራዧ ሲወጣ ሌላ ፍጡር ሆኖ ይወጣል። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር ስሟን እየጠየቁ ይመጡላት ነበር።

ወንድሟ መስታወት አመላላሽ ነው። ከኋላው ሁለት ተዳፋት የእንጨት መደገፊያ የተሠራለት ነጭ የጭነት መኪና አለው፤ መስታወቶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው ይደገፉበታል። መኪናውን አዲስ ከሳጥኑ ነው የገዛው። ዋስትናው አራት ዓመት ወይም መቶ ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው። ሰውየው እንደ ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ ጉድጓድ ከሩቅ አይቶ ሰላምታ ሰጥቶ የሚያልፍ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ አላስቀምጥ አለው። ከወንዙ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ አዳዲስ ፎቆች ይሠሩ ነበር፤ የከተማው የመስታወት ሥራ ግማሹ እዚያ ነው።

"አርባ መስታወት ጭኜ የመጨረሻውን መታጠፊያ ስይዝ ሞተሩ ይሞትብኛል" አላት አንድ ቀን፣ ጋራዧ ውስጥ በተደራረቡ ጎማዎች ላይ ተቀምጦ። "ፍሬን እስክይዝ አንድ ስንዝር ወደኋላ ይንሸራተታል። በዚያች ስንዝር አርባው መስታወት በአንድ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ያንን ድምፅ ሰምተሽው አታውቂም። አንድ ሰዓት ብቻ ስጪኝ።"

"ጋሼ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀው መቀየሩ ነው" አለችው እጇን በጨርቅ እየጠረገች። "ከዚያ በኋላ ዋስትናው የቀረው ሃያ ወርስ? ሞተሩን የሠሩት ሰዎች ለሰጡት ጉልበት ዋስ ሆነዋል። እኔ ትንሽ የጨመርኩበት ቀን ዋሱ እነሱ መሆናቸው ይቀርና እኔ እሆናለሁ። ሞተር ቢነድብህ በምኔ ነው የምተካልህ?"

"ለሌላው ሰው ስትሠሪ ይህን ታስቢያለሽ?"

"ከሚመጡት አብዛኞቹ ዋስትናቸው ያለቀ ነው። ያላለቀ ይዞ የመጣውን አስቀምጬ እነግረዋለሁ፤ አውቆ ከገባበት መብቱ ነው። አንተ ግን አውቀህ ብትገባበትም ወንድሜ ነህ።"

እውነቱን ለመናገር እሷም ልቧ ሁለት ሆኖ ነበር። አንድ ቀን መኪናውን ዘይት ለማስቀየር ሲተውላት ፕሮግራሙን አንብባ ወስዳ ለሦስት ሳምንት ስትሠራበት ቆይታለች። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጉልበቱን በሩብ የሚጨምር፣ ሙቀቱን የሚጠብቅ፣ ልክ ለዚያ መታጠፊያ የተሰፋ ፕሮግራም ወጣላት። ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። ላፕቶፗ ውስጥ ተቀምጦ በከፈተችው ቁጥር ዓይኗን ይስበዋል። ሆኖም የዋስትናውን ደብተር አምስት ጊዜ አንብባ አምስቱንም ጊዜ ያው መስመር ላይ ቆማለች፤ "ፋብሪካው ያላጸደቀው ለውጥ የተደረገበት ሞተር"። ወንድሟ ሌላ መኪና የለውም። መኪናው ከቆመ ቤቱም ይቆማል። ስትመዝነው የሚያጋድለው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነበር። ላፕቶፗን ዘጋችው።

ወንድሟ አኮረፈ። ድሮ በሳምንት ሁለቴ ብቅ የሚለው ሰው ወር ሙሉ ጠፋ። አንድ ቀን መለዋወጫ የምትሸጥላት ሴት የፍሬን ሸራ እየቆጠረችላት፣ "የወንድምሽን መኪና ጥይቱ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ አየሁት ልበል?" አለቻት።

ጥይቱ ሌላው ጉልበት ጨማሪ ነው። ሥራው ፈጣን ነው፣ ዋጋው ቅናሽ ነው፣ ስለ ዋስትና ቢጠየቅ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ፉጨትን ነገሩ ከነከናት። ደውላ ልትጠይቀው ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። "አዎ" ቢላትስ? የማታውቀውን ነገር ሳታውቀው መቅረት የተሻለ መሰላት።

ከአራት ወር በኋላ ነው ሞተሩ የሞተው። የሚገርመው ዳገት ላይ እንኳ አልነበረም። ማለዳ፣ ለጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ስድስት መስታወት ብቻ ተጭኖ፣ ከኮፈኖው ሥር አንድ ነገር እንደ መዶሻ ሁለቴ መታ፤ ነጭ ጭስ ወጣና ዝም አለ። ወንድሟ ማንንም ሳያስነካ ከመንገዱ በቀጥታ ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ አስጎትቶ ወሰደው። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ሰጡት። ደብዳቤውን ይዞ ፉጨት ዘንድ መጣና ጎማዎቹ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ሁሉ ወር አኩርፎ እንደነበር ሁለቱም ያላወቁ መሰሉ።

"የሞተሩ ፕሮግራም በባለቤቱ እህት ተነካክቶ ከመጠን ያለፈ ጉልበት ስለተጨመረበት፣ የደረሰው ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም" ይላል።

ደጋግማ አነበበችው። ደሟ ፈላ። ሞተሩ ያሳዝናል፤ ወንድሟ አንጀቷን ይበላታል። የቆጠቆጣት ግን ባልዋለችበት መዋሏ ነው። ስንት ወር ራሷን የከለከለችውን ነገር አድርገሻል ብለው ማህተም መቱበት።

"ተነስ እንሂድ" አለችው።

የድርጅቱ ጋራዥ ከቢሮዎቹ የሚለየው በአንድ ትልቅ መስታወት ነው። ወዲህ ለስላሳ ወንበርና የተወለወለ ወለል፣ ወዲያ በዘይት የወዙ ክሬኖች። የጥገና ኃላፊው ሸሚዙ አንዲት እጥፋት እንኳ ሳይኖረው የተተኮሰ፣ ብዕሩን በሁለት ጣቱ የሚያሽከረክር ሰው ነበር። ከጎኑ ፀጉሩ የሸበተ ረጅም ሰው ቆሟል፤ የጋራዡ ዋና መካኒክ ነው። ቱታው የእውነት ቱታ ነበር፤ ፉጨት ወዲያው ወደደችው።

"የእርስዎን ሥራ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል" አላት ኃላፊው።

"ከተማው የሚያውቀው የሠራሁትን ነው። ያልሠራሁትን ማን ነገራችሁ?" አለች። ወደ ሽበታሙ ዞረችና "ኮምፒውተሩን አነበባችሁት?" ስትል ጠየቀችው።

"አንብቤዋለሁ" አለ ዋና መካኒኩ። "የፕሮግራሙ ማረጋገጫ ቁጥር ከፋብሪካው ጋር አንድ ነው።"

"እንግዲያውስ?"

ኃላፊው ብዕሩን አቆመ። "ይህ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ጎበዝ ባለሙያ የችግር ምልክት ሲያይ የፋብሪካውን ፕሮግራም መልሶ ጭኖ ዱካውን ያጠፋል። እርስዎ ደግሞ ጎበዝ ነዎት ይባላል።"

በሕይወቷ ሙገሳ እንዲህ አንገቷ ላይ ገመድ ሆኖ ተጠምጥሞባት አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ሰውየው ያለው ነገር የሚቻል መሆኑ ነው። ትችለዋለች። ጥይቱም ይችለዋል።

"ሞተሩ ይከፈት" አለች።

"መክፈት ይቻላል። ነገር ግን ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ከተገኘ የመክፈቻውም ሆነ የጊዜው ወጪ በእናንተ ነው። ይህ ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። ክሱም ከዚያ በኋላ በሰነድ የተደገፈ ይሆናል፤ ስምዎ አብሮ ይገባል።"

ብዕሩን ተቀበለችው። ልትፈርም ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ወንድሟን አየችው፤ ወለሉን ነበር የሚያየው።

"አንዴ ከውጭ ላናግርህ" አለችው።

ኮሪደሩ ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ አጠገብ ቆሙ። አራት ወር አፍና የያዘችውን ጥያቄ አወጣችው። "ጋሼ፣ ጥይቱ ጋ ሄደህ ነበር?"

ከማቀዝቀዣው አንድ ኩባያ ውሃ ቀድቶ ሳይጠጣ ያዘው።

"ሄጃለሁ" አላት።

"ከዚያስ?" አለችው።

"ኬብሉንም ሰክቶት ነበር" አለ። "አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። ሥራውን ለማሞገስ ብሎ፣ 'ይህን እህትህም ትችለዋለች፣ ግን ትፈራለች' አለኝ። አንቺን ሳውቅሽ ምን ትፈሪያለሽ? በልጅነትሽ የጎረቤቱን ጄኔሬተር በማንኪያ የፈታሽ ልጅ ነሽ። አንቺ የምትፈሪው ነገር ካለ እኔ ማን ሆኜ ነው የማልፈራው አልኩና ንቀል አልኩት። ነቀለው።"

"ለምን አልነገርክኝም?"

"አፈርኩ። መሄዴ ራሱ አሳፈረኝ።"

ፉጨት ስንት ሞተር የሚዋሸውን በጆሮዋ ለይታ ታውቃለች። የሰው ቃል ግን ኬብል የሚሰካበት ቦታ የለውም። ወይ ታምነዋለህ ወይ አታምነውም። ፊቱን አየችው፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ደብተሯን የገዛላት፣ የመጀመሪያውን የመፍቻ ሳጥን ተሸክሞ ያመጣላት ሰው ነው። ተመልሳ ገባችና ሳትቀመጥ ፈረመች።

ሞተሩ የተከፈተው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከመኪናው ወጥቶ ብረት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዋና መካኒኩ በራሱ እጅ ፈታው፤ ሌላ ሰው አላስጠጋም። ኃላፊው ሸሚዙን እየጠበቀ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ወንድሟ ደግሞ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እንዳለ አባወራ እጁን አጣጥፎ ግድግዳውን ተደግፏል።

የሞተሩ ራስ ተነሳ። አራቱ ፒስተኖች ታዩ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አፋቸው በቀጭን ጥቀርሻ የተሸፈነ፣ እንደ ማንኛውም የሠራ ሞተር ነበሩ። ሦስተኛው ጫፉ ቀልጦ እንደ ሻማ ፈስሷል።

"ይኸው" አለ ኃላፊው። "ቀልጧል። ከመጠን ያለፈ ነዳጅ የሚያመጣው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?"

ወንድሟ ዓይኑን ጨፈነ። ፉጨት ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲቀልላት ተሰማት። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

"አራቱም የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው" አለች። "ፕሮግራም የሚቀይር ሰው ለአንዱ ለይቶ አይጨምርም፤ ለአራቱም ነው የሚጨምረው። ጨው ያበዛሁት እኔ ብሆን አራቱም በተጠሙ ነበር። ሦስቱ እንዲህ ጤነኛ ሆነው እሱን ብቻ ምን አነደደው?"

"የእሱ ነዳጅ መርጫ ተበላሽቶ ይሆናል" አለ ኃላፊው።

"የነዳጅ መርጫውስ ቢሆን የማን ዕቃ ነው?" አለች። ዋና መካኒኩ ግን መልስ ሳይጠብቅ አራቱንም መርጫዎች ወደ መሞከሪያው ወሰዳቸው። አራቱም እኩል ረጩ። ጤነኛ ናቸው። ሽበታሙ ሰውዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ፉጨትን አያት። "አሁን ምን ታያለሽ፣ ልጄ?"

"ከሥር እንየው" አለችው። "ዘይቱን።"

ከእያንዳንዱ ፒስተን ሥር እንደ ትንሽ ጣት የታጠፈች ቧንቧ አለች። ሥራዋ ዘይት ወደ ላይ መርጨት ነው፤ ፒስተኑ የሚቀዘቅዘው በዚያ ነው። ሞተሩን ገለበጡት። ዋና መካኒኩ የአየር ቱቦ አመጣና የመጀመሪያዋን ቧንቧ ነፋት። ቀጭን ፉጨት ወጣ። ሁለተኛዋን ነፋ፤ ያው ፉጨት። ሦስተኛዋን ዘሎ አራተኛዋን ነፋ፤ ያው። ጋራዡ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ መፍቻቸውን አስቀምጠው ዞረዋል።

ወደ ሦስተኛዋ ተመለሰ። ነፋ። ምንም የለም። አየሩን ጨመረ። አሁንም ድዳ ነች።

ቧንቧዋን ፈትቶ አወጣና ወደ መብራቱ ያዛት። ከዚያ በቀጭን ሽቦ ገፋት። መዳፉ ላይ ከጥፍር ቁራጭ የማትበልጥ፣ የተጠቀለለች የብረት ፍቅፋቂ ወደቀች። ፋብሪካ ውስጥ የዘይቱ ቀዳዳ ሲሰረሰር የተረፈች፣ ሳትጸዳ የቀረች ቁራጭ ናት። መጀመሪያ ግማሹን ዘግታ፣ ቀስ በቀስ ዝቃጭ እየሰበሰበች፣ በመጨረሻ አፍና ይዛዋለች። ሦስተኛው ፒስተን ከተወለደ ጀምሮ ውሃ እንደተከለከለ ሰው ሲሠራ ኖሯል።

ዋና መካኒኩ መዳፉን ወደ ኃላፊው ዘረጋ። "ይህች ከፋብሪካው አብራ የመጣች ናት" አለ። "ማንም አልነካውም። እህቱ እውነቷን ነው።"

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አያት። ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት መልሶ ከተተው።

ሽበታሙ ቀስ ብሎ ለፉጨት ብቻ እንዲሰማት አድርጎ፣ "ጉልበት ጨምረሽበት ቢሆን ኖሮ በወሩ ይነድ ነበር" አላት። "እኛም ኮምፒውተሩን አንብበን ቁጥሩ ሲለያይ ሞተሩን ሳንከፍተው እንፈርድብሽ ነበር። ይህች ቁራጭ እዚያው ተቀብራ ትቀር ነበር።"

ላፕቶፗ ውስጥ የተቀመጠው ያ የሚያምር ፕሮግራም ትዝ አላትና ብርድ ብርድ አላት። ወዲያው ደግሞ ከእግር ጥፍሯ የተነሳ ሙቀት ፊቷ ድረስ ወጣ። ዞር ስትል ወንድሟ ግድግዳውን ለቆ አጠገቧ ደርሷል። በሰው ሁሉ ፊት ግንባሯን ሳማት።

ኃላፊው ቢሮው ከገቡ በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ሞተሩ በአዲስ ይተካል፤ አዲስ ደብዳቤም እንጽፋለን" አለ።

"አዲሱ ይጻፍ" አለች ፉጨት። "አሮጌውም ስህተት እንደነበር ይጻፍበት። 'በባለቤቱ እህት' የምትለዋ ላይ ነው የምፈልገው።"

"የቀድሞው እኮ በአዲሱ ይሻራል።"

"ስሜን ሲያነሳ በማህተም ነው ያነሳው። ሲያወርድም በማህተም ያውርደው።"

ሰውየው ባዶ ወረቀት ሳበ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ለመሳሳት ቸኩሎ ለማመን የዘገየ ሰው ነው። ተቀምጦ በራሱ እጅ ጻፈ፦ የሞተሩ ፕሮግራም በማንም እንዳልተነካ፣ ጉዳቱ የፋብሪካ ጉድለት እንደሆነ፣ በባለሙያዋ ላይ የተሰነዘረው ቃል መሠረት የሌለው እንደነበር። ፈረመ፤ ማህተሙን አሳረፈ፤ ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አላት። አደረገችለት።

አዲሱ ሞተር እስኪገጠም ድረስ ፉጨት ምክንያት እየፈጠረች ትመላለስ ነበር፤ ከዋና መካኒኩ ጋር የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ። አንድ ቀን ነገሩ ሁሉ ከምን እንደጀመረ፣ ስለዚያ መታጠፊያና ስለዚያች ስንዝር ነገረችው።

"ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁንም?" አላት።

"ምን ብለን?"

"ፋብሪካው ራሱ ለከባድ ጭነትና ለዳገት ያወጣው ፕሮግራም አለ። ከወጣ ዓመት ሆኖታል። ዋስትናውን አይነካም። የሚጠይቅ ስለሌለ የሚጫንለትም የለም።"

ፉጨት ቁጥሮቹን አሳይኝ አለችው። ስክሪኑ ላይ ከፈተላት፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። "ከእኔው ያንሳል" አለች በመጨረሻ።

"ያንሳል" አለ ሽበታሙ። "ግን ዋስ አለው።"

ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። ፕሮግራሙ በዚያው ቀን በድርጅቱ እጅ፣ በድርጅቱ ሰነድ ላይ ተመዝግቦ ተጫነ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወንድምና እህት አርባ መስታወት ጭነው ወደ ኮረብታው አቀኑ። ፉጨት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች። መንገዱ እየጠበበ ሄደ፤ የመጨረሻው መታጠፊያ ደረሰ። ወንድሟ ማርሽ ቀነሰ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ሞተሩ ድምፁን አወፈረ እንጂ አልተንተባተበም፤ ጎማው አንዲት ጣት እንኳ ወደኋላ ሳይል፣ እንደ ጠገበ በሬ አንገቱን ደፍቶ ጎትቶ ወጣ። ከኋላቸው አርባው መስታወት ዝም ብሏል። ፉጨት ሳታስበው ማፏጨት ጀምራ ነበር፤ ወንድሟም የማያውቀውን ዜማ እንደምንም ተከተላት።

ፎቁ በር ላይ ሲደርሱ መስታወት ገጣሚዎቹ ከበቧቸው። መኪናው የት ጠፍቶ እንደከረመ ጠየቁ። ወንድሟ ይህን ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ከመኪናው ወርዶ፣ ኮፈኖውን ተደግፎ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ። በእሱ አፍ ላይ ሁለቱ የድርጅቱ ሰዎች ሰባት መሐንዲሶች ሆኑ፤ ጥፍር የምታህለው ቁራጭ ጣት አከለች፤ ኃላፊውም ሊንበረከክ ምንም አልቀረውም ነበር።

"ሞተሩን ያስከፈተችው እሷ ናት?" አለ አንዱ ገጣሚ፣ በአገጩ ወደ ፉጨት እያመለከተ።

"እሷ ናት" አለ ወንድሟ። "እኔ እንኳ አላመንኳትም ነበር፤ እሷ ግን አመነችኝ።"

ይህኛው ላይ ምንም አልጨመረበትም። ፉጨት ሰዎቹ እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ጭነቱ አዞረች፤ ወፍራሙን ጓንት አጠለቀችና የመጀመሪያውን መስታወት በአንድ ጫፉ ይዛ፣ "ኑ እንጂ፣ ጋሼ ታሪኩን እስኪጨርስ ከቆምን ይመሽብናል" አለቻቸው።